የመጀመሪያዎቹ የቤት ኮምፒዩተሮችና ማኅበርተኞቻቸው

መግቢያ

ከመካከላችን በኮምፒዩተር ወይም በእጅ ስልክ የማይገለገል ተማሪ ዛሬ ቢፈለግ በቀላሉ አይገኝም። በመሣሪያ መገልገልና መሣሪያን ማወቅ ግን ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። መኪና የተሳፈረ ሁሉ መካኒክ እንዳልሆነ ሁሉ፥ ስልኩን ሲነካካ የሚውልም ሁሉ የኮምፒዩተር ዐዋቂ አይባልም። በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በፊት፥ የቤት ኮምፒዩተር ገና ሕፃን በነበረበት ጊዜ፥ በአሜሪካና በአውሮፓ የነበሩ ወጣቶች በዚያ ደካማ መሣሪያ ዙሪያ እንዴት እንደ ተሰበሰቡና ምን እንደ ሠሩ ነው።

ጽሑፉን ያዘጋጀነው የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን። «የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ሳሉ እናንተን ምን አገባችሁ?» የሚለን ወንድም ወይም እኅት ቢኖር መልሳችን አጭር ነው፤ ነገሩ የመሣሪያ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የማኅበርና የጥበብም ታሪክ ስለ ሆነ ያገባናል። ከዚህም ሌላ አንድ ጥያቄ ይዘን ተነሥተናል። ይኸውም እነዚያ ወጣቶች ከእኛ እጅግ ያነሰ መሣሪያ ይዘው ስለ መሣሪያቸው ከእኛ እጅግ የበለጠ ሊያውቁ የቻሉት ስለ ምንድን ነው? የሚል ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

፩. መሣሪያው ምን ይመስል ነበር?

እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ኮምፒዩተር የመንግሥት፥ የባንክና የትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ንብረት ነበር። በጃንዋሪ 1975 ግን አልቴር 8800 የተባለው ኮምፒዩተር «ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ» በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ። አልቴር ስክሪንም የፊደል ገበታም አልነበረውም። ብዙዎቹ ገዢዎች ዕቃውን ተበታትኖ እንዳለ ተቀብለው ራሳቸው በብየዳ ይገጣጥሙት፥ ከፊቱ የተደረደሩትንም ማብሪያ ማጥፊያዎች ወደ ላይና ወደ ታች እያደረጉ ትእዛዝ ይሰጡት ነበር። በዚያው ዓመት በማርች ወር በካሊፎርኒያ፥ ሜንሎ ፓርክ በምትባል ከተማ፥ በአንድ አባል ጋራዥ ውስጥ «ሆምብሩ ኮምፒዩተር ክለብ» የተባለው ማኅበር የመጀመሪያ ስብሰባውን አደረገ። ስቲቭ ዎዝኒያክ በኋላ አፕል 1 የተባለውን ኮምፒዩተር ለሰው ያሳየውና ንድፉንም ለወዳጆቹ በነጻ ያደለው በዚህ ክለብ ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1977 አፕል 2፥ ኮሞዶር ፔትና ቲ.አር.ኤስ. 80 የተባሉት ተገጣጥመው ያለቁ ኮምፒዩተሮች ለገበያ ቀረቡ። በ1982 ደግሞ ለብዙ ወጣቶች መማሪያ የሆኑት ሁለት መሣሪያዎች ወጡ። አንደኛው በእንግሊዝ አገር የተሠራው ዜድ ኤክስ ስፔክትረም ሲሆን፥ ባለ 16 ኪሎባይቱ በ125 ፓውንድ፥ ባለ 48ቱ በ175 ፓውንድ ይሸጥ ነበር። ሁለተኛው በአሜሪካ በ595 ዶላር መሸጥ የጀመረው ኮሞዶር 64 ነው። የኮሞዶር ኩባንያ መሥራች ጃክ ትራሚየል በፖላንድ ተወልዶ ከአውሽዊትስ የሞት ካምፕ በሕይወት የወጣ ሰው ነበር። ኮሞዶር 64 በሥራ ዘመኑ ከ12 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል።

የኮሞዶር 64 ማስታወሻ ስሙ እንደሚናገረው 64 ኪሎባይት ነው። ዛሬ 4 ጊጋባይት ማስታወሻ ያለው ተራ የእጅ ስልክ የዚህን 65,536 እጥፍ ይይዛል። ስክሪኑ ከቤት ቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ 16 ቀለሞች ብቻ ያሳያል። ቦብ ያነስ የተባለው መሐንዲስ የነደፈው የድምፅ ቺፕ በአንድ ጊዜ ሦስት ድምፆች ብቻ ማሰማት ይችላል። ይህን ሁሉ የዘረዘርነው ለማሳነስ አይደለም። መሣሪያው ትንሽ ስለ ነበር አንድ የ15 ዓመት ልጅ ከዳር እስከ ዳር ሊያውቀው የሚችል መሆኑን ለማሳየት ነው። ኮምፒዩተሩ ሲበራ የሚያቀርበው ጨዋታ ወይም ሥዕል አልነበረም፤ ፕሮግራም እንዲጻፍለት የሚጠብቅ ባዶ ገጽ ነበር።

፪. የስልኩ ሰሌዳ

ኮምፒዩተር የገዛ ወጣት መጀመሪያ የሚያጋጥመው ችግር ብቸኝነት ነበር። ቢቸግረው የሚጠይቀው ሰው በሰፈሩ የለም። ለዚህ ችግር መፍትሔ የተገኘው በቺካጎ ከተማ ነው። በጃንዋሪ 1978 በዚያች ከተማ ከባድ የበረዶ ማዕበል ወርዶ ሰው ከቤቱ መውጣት ተሳነው። ሥራው መሄድ ያልቻለው ዋርድ ክሪስተንሰን ወዳጁን ራንዲ ሱስን በስልክ ጠራውና በመካከላቸው አንድ ሐሳብ ተወለደ። ሁለቱም አባል በነበሩበት የኮምፒዩተር ክለብ ውስጥ አባላት ማስታወቂያቸውን በትንንሽ ካርድ እየጻፉ የሚለጥፉበት ሰሌዳ ነበር። ይህን ሰሌዳ በኮምፒዩተር ውስጥ ብናደርገውና አባላት በስልክ እየደወሉ ቢያነቡትና ቢጽፉበትስ? አሉ። ክሪስተንሰን ፕሮግራሙን ጻፈ፤ ሱስ መሣሪያውን ገጣጠመ። ሲ.ቢ.ቢ.ኤስ. የተባለው ይህ የመጀመሪያ የኮምፒዩተር ማስታወቂያ ሰሌዳ በፌብሩዋሪ 16 ቀን 1978 ለሕዝብ ተከፈተ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር «ባይት» በተባለው መጽሔት ላይ አሠራሩን ገልጠው ስለ ጻፉ፥ ሌሎችም በየከተማቸው እንደዚያው ያለ ሰሌዳ መክፈት ጀመሩ።

አሠራሩን በጥቂቱ እንመልከት። ሞደም የሚባለው ዕቃ የኮምፒዩተሩን ምልክት ወደ ድምፅ ለውጦ በተራ የስልክ ሽቦ ይልካል፤ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሞደም ደግሞ ድምፁን መልሶ ወደ ምልክት ይለውጠዋል። የዚያን ጊዜው ሞደም በሴኮንድ 300 ቢት ያስተላልፍ ነበር። ለአንድ ፊደል ከመነሻና ከመድረሻ ምልክቱ ጋር 10 ቢት ስለሚያስፈልግ፥ ይህ ማለት በሴኮንድ 30 ፊደል ነው። አንባቢው ቃላቱ በስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ ሲጻፉ እያየ ያነባል። የኮሞዶር 64ን ማስታወሻ የሚሞላ አንድ ፕሮግራም በዚህ ፍጥነት ለመቀበል 36 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ በሽቦው ላይ ጥቂት ኮሽታ ቢገባ ፕሮግራሙ ይበላሻል።

ለዚህም መድኃኒቱን ያገኘው ያው ክሪስተንሰን ነው። በ1977 የጻፈውና በኋላ ኤክስሞደም የተባለው ዘዴ፥ መምህር ለተማሪ ቃል ሲነግር እንደሚያደርገው ያለ ነው። ላኪው ጽሑፉን 128 ባይት 128 ባይት አድርጎ ይቈርጠዋል፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ መጨረሻ የቁጥሮቹን ድምር ያስከትላል። ተቀባዩ ራሱ ደምሮ ድምሩ ከተስማማ «ተቀብያለሁ» ይላል፤ ካልተስማማ «ድገመው» ይላል። ክሪስተንሰን ይህን ዘዴ ለማንም ሰው በነጻ ስለ ሰጠው ብዙ ዓይነት ኮምፒዩተሮች በዚያው ቋንቋ ሊነጋገሩ ቻሉ።

ከመሣሪያው ይልቅ እኛን ያስደነቀን ግን የማኅበሩ ጠባይ ነው። ሰሌዳው ያለው በአንድ ሰው ቤት፥ በአንድ የስልክ መስመር ላይ ነው። ስለዚህ በአንድ ጊዜ የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። የቀረው ሲደውል መስመሩ ተይዞ ያገኘዋል። አባላቱ በአንድ ሰዓት ተገናኝተው አያውቁም፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው በማግስቱ ያነባል። ብዙ የቈየ ሰው የሌላውን ተራ እንደሚወስድ ያውቃል። የስልኩንና የመብራቱን የሚከፍለው፥ ዲስኩ ሲሞላ የሚያጠራው፥ ተሳዳቢውን የሚገሥጸው የቤቱ ባለቤት ነው። ሰሌዳው እንግዳ መቀበያ ቤት ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም፤ እንግዳውም ቤቱ የሰው መሆኑን ያውቅ ነበር።

፫. የሌሊት ፖስታና አዲስ አበባ

እነዚህ ሰሌዳዎች መጀመሪያ ደሴቶች ነበሩ፤ የሳን ፍራንሲስኮው የባልቲሞሩን አያውቀውም። በ1984 ቶም ጄኒንግስ የተባለው የሳን ፍራንሲስኮ ሰው ሰሌዳዎቹ ራሳቸው እርስ በርሳቸው የሚደዋወሉበትን ፊዶኔት የተባለውን መረብ ፈጠረ። ዘዴው ቀላል ነው። ቀን የተጻፈው ደብዳቤ በሰሌዳው ውስጥ ተጠራቅሞ ይቈያል፤ ሌሊት የስልክ ዋጋ ሲረክስ ኮምፒዩተሩ ራሱ ይደውልና ለሚቀጥለው ሰሌዳ ያስረክባል፤ እርሱም በተራው ለሌላው ያደርሳል። ከባልቲሞር የተጻፈ ነገር ሳን ፍራንሲስኮ በማግስቱ ይነበባል። ይህን ሁሉ የሚያካሂድ ኩባንያ አልነበረም፤ የየሰሌዳው ባለቤት በገዛ ገንዘቡ ነበር የሚሠራው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በዓለም ላይ በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ሰሌዳዎች በፊዶኔት ተያይዘው ነበር።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ አገራችን ይመጣል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያ ኢንተርኔት አልነበራትም። በአዲስ አበባ በሚገኘው በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የተባለው የመረጃ ክፍል ግን የፊዶኔት ጣቢያ ከፍቶ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን፥ ተመራማሪዎችና የእርዳታ ድርጅቶች ደብዳቤያቸውን ለዚህ ጣቢያ ያስረክባሉ፤ ጣቢያውም ለንደን ከሚገኘው ግሪንኔት ከተባለው ድርጅት ጋር በስልክ ተገናኝቶ ደብዳቤውን ወደ ዓለም መረብ ያሳልፈዋል። ለዚህ ሥራ ፊዶኔት የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። ለሌሊት የስልክ ጥሪ የተሠራ ዘዴ ስለ ሆነ፥ ሁልጊዜ የተከፈተ መስመር አይፈልግም፤ መስመሩ ቢቋረጥ ቈይቶ እንደገና ይሞክራል። የሳን ፍራንሲስኮ ወጣት ገንዘብ ለመቈጠብ ያወጣው ዘዴ ደካማ የስልክ መስመር ላላቸው የአፍሪካ ከተሞች ዋና መንገድ ሆነ። ሙሉ ኢንተርኔት በአገራችን በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል መሰጠት የጀመረው በ1997 ነው።

በዚያን ጊዜ በአማርኛ መጻጻፍ ራሱን የቻለ ችግር እንደ ነበረም መርሳት አይገባም። የእነዚያ ኮምፒዩተሮች የፊደል ሠንጠረዥ የተሠራው ለእንግሊዝኛ ሲሆን የሚይዘው 128 ምልክቶችን ብቻ ነበር፤ የሰፋው ሠንጠረዥም ከ256 አያልፍም። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፥ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ በውጭ አገር የነበሩ ኢትዮጵያውያን በመረብ ሲጻጻፉ አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፉት ነበር፤ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብም «ሴራ» የተባለውን የአጻጻፍ ሥርዓት ያዘጋጁት ለዚሁ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 ነው።

፬. ከቁልፍ ሰባሪነት ወደ ጥበብ

አሁን ወደ አውሮፓ እንሻገር። በአሜሪካ ብዙ ቦታ የከተማ ውስጥ የስልክ ጥሪ በወር ክፍያ ይጠቃለል ነበር። በአብዛኛው የአውሮፓ አገር ግን የቅርብ ጥሪም ቢሆን በደቂቃ ይቈጠር ስለ ነበር፥ ወጣቱ ከስልክ ይልቅ ፖስታን መረጠ። ከኔዘርላንድ ወደ ስዊድን፥ ከጀርመን ወደ ፊንላንድ ዲስክ በፖስታ ይላላኩ ጀመር። አንዳንዶቹ ቴምብሩን በሙጫ ቀብተው ይልኩና፥ ተቀባዩ ማኅተሙን አጥቦ ቴምብሩን ይመልስላቸው ነበር።

በዲስኮቹ ላይ የነበረው ምን ነበር? አብዛኛው የተሰረቀ ጨዋታ ነበር። የጨዋታ ኩባንያዎች ሥራቸው እንዳይገለበጥ በዲስኩ ላይ ቁልፍ ያደርጉ ነበር፤ ወጣቶቹ ደግሞ ቁልፉን ይሰብራሉ። ቁልፉን የሰበረው ቡድን ስሙ እንዲታወቅለት በጨዋታው መግቢያ ላይ አጭር ማስታወቂያ ይጨምራል፤ የቡድኑ ስም፥ ጥቂት ሙዚቃ፥ በስክሪኑ ላይ የሚሮጥ ጽሑፍ፥ ከዚያም ለወዳጅ ቡድኖች ሰላምታ። ቡድኖቹ በዚህ መግቢያ ይፎካከሩ ጀመር። በ1980ዎቹ አጋማሽ መግቢያው ከጨዋታው ተለይቶ ብቻውን ይሠራ ጀመር፤ ይህም «ዴሞ» ተባለ፤ ማሳያ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ብዙዎቹ የሰው ሥራ መስረቁን ትተው የራሳቸውን ወደ መሥራት ዞሩ።

ዴሞ ምንድን ነው? ለጨዋታ የማይሆን፥ ለሥራ የማይውል፥ የሚታይና የሚሰማ ብቻ የሆነ ፕሮግራም ነው። እንደ ፊልም ተቀርጾ የተቀመጠ አይደለም፤ ኮምፒዩተሩ በዚያው ሰዓት እያሰላ የሚስለውና የሚዘፍነው ነው። አንዱ ፕሮግራሙን ይጽፋል፥ ሌላው ሥዕሉን ይሥላል፥ ሦስተኛው ዜማውን ያወጣል። ለዜማው ሥራ በ1987 ካርስተን ኦባርስኪ የተባለው ጀርመናዊ ለአሚጋ ኮምፒዩተር የጻፈው ሳውንድትራከር የተባለው ፕሮግራም ታላቅ እርዳታ ሰጠ። ወጣቶቹ በዲስክ የሚታደል የራሳቸው መጽሔትም ነበራቸው፤ በመጽሔቱ ይተቻቻሉ፥ ደረጃ ይሰጣጣሉ፥ ይጣላሉም። መጽሔት አዘጋጅቶ በራሱ እያባዛ ማደል ምን እንደ ሆነ ለዚህ መጽሔት አንባብያን መንገር አያሻም።

ዲስክ ለመገልበጥ የሚደረገው ስብሰባም ከጊዜ በኋላ የውድድር በዓል ሆነ። በፊንላንድ «አሴምብሊ»፥ በኖርዌይ «ዘ ጋዘሪንግ» የተባሉት በ1992 ተጀመሩ። በ1993 በአሴምብሊ አንደኛ የወጣው የፊንላንዶቹ የፊውቸር ክሩ «ሰከንድ ሪያሊቲ» የተባለው ዴሞ ለብዙ ዓመታት እንደ መለኪያ ይጠቀስ ነበር። ከዚሁ ቡድን የወጡ ሰዎች በ1995 ረመዲ የተባለውን የጨዋታ ኩባንያ ካቋቋሙት መካከል ናቸው። በጀርመን ዛርብሩከን ከተማ «ሪቪዥን» የተባለው ስብሰባ ከ2011 ጀምሮ በፋሲካ ሰሞን ይደረጋል።

፭. አንድ ምሳሌ፤ ዘበኛውን ማታለል

መሣሪያን ማወቅ ማለት ምን እንደ ሆነ በአንድ ምሳሌ እንግለጥ። ኮሞዶር 64 በስክሪኑ ዙሪያ አንድ ባለ ቀለም ክፈፍ አለው። በመመሪያ መጽሐፉ መሠረት በክፈፉ ላይ ምንም ነገር መሣል አይቻልም። ወጣቶቹ ግን ክፈፉን ከፈቱት። እንዴት?

በአውሮፓው ዓይነት ስክሪን ላይ ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች በ312 መስመሮች ይሣላል፤ ይህም በሴኮንድ 50 ጊዜ ያህል ይደጋገማል። ኮምፒዩተሩ በአንድ መስመር ጊዜ ውስጥ 63 ምት ብቻ ያገኛል፤ ለሙሉው ሥዕል 19,656 ምት ማለት ነው። የሥዕሉ ቺፕ ሁለት ዓይነት ገጽ ያውቃል፤ ባለ 25 ረድፍና ባለ 24 ረድፍ። ገጹ ባለ 24 ከሆነ መስመር 247 ላይ ሲደርስ ክፈፉን ይዘጋል፤ ባለ 25 ከሆነ መስመር 251 ላይ ይዘጋል።

ይህን ቺፕ እንደ አንድ ዘበኛ እናስበው። «ግቢው ሰፊ ከሆነ በ251 ዝጋ፤ ጠባብ ከሆነ በ247 ዝጋ» ተብሏል። መስመር 247 ሲያልፍ ግቢው ሰፊ ነውና አይዘጋም። ወዲያው በ248 ላይ «ግቢው ጠባብ ነው» ብለን ትእዛዙን ብንለውጥበት፥ 251 ሲደርስ ግቢው ሰፊ አይደለምና አሁንም አይዘጋም፤ የ247ቱም ሰዓት አልፎበታል። ስለዚህ በሩ ክፍት ሆኖ ያድራል። ለሚቀጥለው ሥዕል ትእዛዙን ወደ ቀድሞው መመለስና በየሥዕሉ ይህኑ መድገም ብቻ ነው የሚያስፈልገው። የግራና የቀኙን ክፈፍ ለመክፈት ግን ይኸው ማታለል በየመስመሩ፥ በተወሰነው ምት ላይ መደረግ ስላለበት እጅግ ከባድ ነው፤ የኔዘርላንዱ 1001 ክሩ የተባለው ቡድን በዚህ ታውቋል።

እኛም ነገሩን በወሬ ብቻ እንዳንጽፈው ቫይስ የተባለውን፥ ኮሞዶር 64ን አስመስሎ የሚሠራውን ነጻ ፕሮግራም በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጭነን በመኝታ ክፍላችን ሞከርነው። የታችኛውን ክፈፍ ለመክፈት አራት ምሽት ፈጀብን። በመጀመሪያው ምሽት ክፈፉ ንቅንቅ አላለም፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ስክሪኑ ይርገበገብ ጀመር። በአራተኛው ትእዛዙን የምንለውጠው መስመሩ ካለፈ በኋላ መሆኑን ደረስንበትና ሁለት መስመር ቀደም ብናደርገው ክፈፉ ተከፈተ። ከሦስታችን አንዳችንም ከዚያ በፊት ስክሪን እንዴት እንደሚሣል ጠይቀን አናውቅም ነበር፤ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ስናፈጥበት የኖርነው ነገር ነው።

፮. በትንሽ ቦታ ብዙ ማኖር

መሣሪያዎቹ እየጠነከሩ ሲሄዱ ወጣቶቹ ጠባቡን ቦታ ራሳቸው ፈለጉት። ፕሮግራሙ ከ64 ኪሎባይት ወይም ከ4 ኪሎባይት እንዳይበልጥ የሚል የውድድር ሕግ አወጡ። ሕጉ ባለጠጋውንና ድኃውን እኩል ያደርጋል፤ ዕውቀትን እንጂ ገንዘብን አይመዝንም።

4 ኪሎባይት ማለት 4,096 ባይት ነው። በዛሬው የተለመደ አቀማመጥ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፥ በዚያ ቦታ የሚገባው 1,365 ፊደል ብቻ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ጥቂት አንቀጾች ማለት ነው። በ2009 አር.ጂ.ቢ.ኤ.ና ቲ.ቢ.ሲ. የተባሉት ቡድኖች በዚህ መጠን «ኤለቬትድ» የተባለውን ሥራ አቀረቡ። ሰፊ የተራራ ሰንሰለት፥ በረዶ፥ ውኃና ብርሃን ከነሙዚቃው ይታይበታል። ተራራው በፋይሉ ውስጥ እንደ ፎቶግራፍ የተቀመጠ አይደለም፤ የተቀመጠው ተራራ የሚሠራበት የሒሳብ ሕግ ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። በድጓው ላይ ከቃሉ በላይ በትንንሽ ፊደል የሚጻፈውን የዜማ ምልክት ያየ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። ሁለት ሦስት ፊደል ያላት ምልክት ዜማውን አልያዘችም፤ የተማረው መሪጌታ ግን ምልክቷን አይቶ ረጅሙን ዜማ ያወጣዋል። ጽሑፉ ያጠረው ዕውቀቱ በአንባቢው ዘንድ ስላለ ነው። በዴሞውም ዘንድ ፋይሉ ያጠረው የቀረውን ኮምፒዩተሩ አስልቶ ስለሚያወጣው ነው።

ይህ ጥበብ በአገሮቹም ዘንድ ክብር አግኝቷል። ፊንላንድ በ2020፥ ጀርመንና ፖላንድ በ2021 ዴሞን በየአገራቸው የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ አስፍረዋል። ይህ መዝገብ የየአገሩ እንጂ የእኛ መስቀል በ2013፥ ጥምቀት በ2019 የተመዘገቡበት የዩኔስኮ የዓለም መዝገብ አለመሆኑን መለየት ይገባል። ቢሆንም ቁልፍ ሲሰብሩ የነበሩ ልጆች ሥራ በአንድ ትውልድ ዕድሜ የአገር ቅርስ መባሉ የሚያስገርም ነው።

፯. ነቀፋውም አይቅር

እስካሁን ያመሰገንነውን ያህል ነቀፋውንም ካልተናገርን ጥናታችን ውዳሴ ይሆናል። አንደኛ፥ መነሻው ስርቆት ነበር። ቢል ጌትስ በፌብሩዋሪ 1976 ለኮምፒዩተር ወዳጆች በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ፥ ፕሮግራም ያለ ክፍያ እየተገለበጠ ማን ደክሞ ይጽፋል? ሲል ከሷቸዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጨዋታ ጽፈው ለመኖር ይሞክሩ ከነበሩት መካከል እንደነዚያው ያሉ ወጣቶች ነበሩ። ሁለተኛ፥ አንዳንዶቹ የስልክ ዋጋ ሲከብዳቸው በሰው የስልክ ካርድ ቁጥር እስከ መደወል ደርሰዋል። ሦስተኛ፥ ማኅበሩ ለሁሉ ክፍት አልነበረም፤ በቤቱ ስልክና ኮምፒዩተር ያለው የሀብታም አገር ልጅ መሆን ያስፈልግ ነበር፤ ሴቶችም እጅግ ጥቂቶች ነበሩ።

አራተኛው ጉድለት የመርሳት ጉድለት ነው። ኢንተርኔት በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲስፋፋ የሰሌዳዎቹ ባለቤቶች አንድ በአንድ ስልካቸውን ነቀሉ። በዲስኩ ላይ የነበረው የዓመታት ጽሑፍም አብሮ ጠፋ። ጄሰን ስኮት የተባለው አሜሪካዊ ከ1998 ጀምሮ የተረፈውን እየሰበሰበ በአንድ ቦታ ባያኖረውና በ2005 ስለ ሰሌዳዎቹ ረጅም የታሪክ ፊልም ባያወጣ ኖሮ ብዙው ነገር በከንቱ በቀረ ነበር። ሰሌዳውን ለኩባንያ መስጠትም መፍትሔ እንዳልሆነ ታይቷል። በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሰዎች ገጾቻቸውን የሠሩበትን ጂኦሲቲስን ያሁ በ2009 በአሜሪካ ሲዘጋው፥ ባለቤቶቹን የጠየቃቸው የለም።

መደምደሚያ

በመነሻችን ላይ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። እነዚያ ወጣቶች የበለጠ ያወቁት ስለ ምንድን ነው? «ድኽነት ብልኀትን ይወልዳል» የሚል መልስ አንቀበልም። መሣሪያ ማጣት ብቻውን ዐዋቂ ቢያደርግ ኖሮ እኛ ዓለምን በቀደምን ነበር። ያወቁበት ምክንያት ሦስት ነው እንላለን። መሣሪያው እስከ ታች ድረስ ክፍት ነበር፤ ያወቁትን ለሌላው የሚያሳዩበት ማኅበር ነበራቸው፤ የእያንዳንዱ ሥራ ስም ይጻፍበት ስለ ነበር ምስጋናውም ነቀፋውም ባለቤት ነበረው።

ከእነዚህ ሦስቱ ዛሬ በገንዘብ ማጣት ልናመካኝበት የምንችለው አንድም የለም። አሮጌውን መሣሪያ የሚያስመስለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ በደካማ ላፕቶፕም ይሠራል። ማኅበሩን መመሥረት የእኛ ፈንታ ነው። የጎደለን ይልቁንም ሦስተኛው ነው። የትምህርት ማስታወሻና የቆዩ የፈተና ጥያቄዎች በቴሌግራም እንለዋወጣለን፤ ነገር ግን ማን እንደ ጻፈው፥ በየትኛው ዓመት እንደ ተጻፈ፥ ማን እንዳረመው አይታወቅም። ስሕተቱ ከክፍል ወደ ክፍል ይወርዳል፤ የሚጠየቅበት ሰው የለም። ቡድኑ አንድ ቀን ቢዘጋ ደግሞ የአምስትና የስድስት ዓመት ድካም አብሮ ይዘጋል።

ስለዚህ ለኅብረታችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ማስታወሻ የሚያካፍል ሁሉ ስሙን፥ ዓመቱንና ያረመውን ሰው ስም ይጻፍበት። የሁሉም አንድ ቅጂ በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት፥ በራሳችን ዲስክ ላይ ይቀመጥ፤ በየዓመቱም አንድ ተማሪ ኀላፊ ይሁንበት። የቺካጎው ሰው ይህን የመሰለ ሥራ በገዛ ቤቱ፥ በአንድ የስልክ መስመር ሠርቶታል።

ክፈፉን የከፈትንበትን ትንሽ ፕሮግራም መሞከር የሚፈልግ ቢኖር ወደ እኛ ይምጣ፤ በደስታ እንሰጠዋለን። በጽሑፋችን ስሕተት ያገኘ ደግሞ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን፤ ስሙንም መጻፍ አይርሳ።